ቮልቴጅ ከመውደቁ በፊት፦ የኃይል ሥርዓት የጭነት ወሰን እንዴት ይለካል?



የዛሬውን ገለጻ በአንድ ሞቃት ቀን ታሪክ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1987 ሐሙስ ዕለት ቶኪዮ በብርቱ ሙቀት ተይዛ ነበር። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የምሳ ዕረፍት ሲያበቃ ሠራተኛው ሁሉ ወደየሥራው ተመለሰ፤ የአየር ማቀዝቀዣዎችም በአንድነት ሥራ ጀመሩ። የኃይል ፍላጎቱ በየደቂቃው 400 ሜጋዋት ያህል ይጨምር ጀመር። ለማነጻጸር ያህል፣ የግልገል ጊቤ 2 ማመንጫ ሙሉ አቅም 420 ሜጋዋት ነው፤ ስለዚህ በየደቂቃው አንድ ግልገል ጊቤ 2 የሚያህል ጭነት ተጨመረ ማለት ነው። የቁጥጥር ማዕከሉ ባለሙያዎች ያላቸውን ካፓሲተር ሁሉ አስገቡ። ቢሆንም የ500 ኪሎቮልት መስመሮች ቮልቴጅ መውረዱን አላቆመም፤ በሥርዓቱ ምዕራባዊ ክፍል እስከ 370 ኪሎቮልት ወረደ። 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ የመከላከያ ሪሌዎች መስመሮችን ቆረጡ። 8,168 ሜጋዋት ጭነት ጠፋ፤ 2.8 ሚሊዮን ያህል ደንበኞችም ኃይል ተቋረጠባቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሌለውን ነገር ልብ በሉልኝ። መብረቅ የመታው መስመር የለም፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር የለም፤ ለውድቀቱ መነሻ የሆነ ብልሽት አልነበረም። ሰዎች ከምሳ ተመለሱ፤ ያ ብቻ ነው። ታዲያ ጤናማ የነበረ ሥርዓት በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዴት ወደቀ?

መልሱ በአጭሩ፣ ሥርዓቱ ከጭነት ወሰኑ ደረሰ የሚል ነው። ችግሩ ግን ይህ ወሰን በየትኛውም መለኪያ ላይ ተጽፎ የማይገኝ መሆኑ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሻው ይህንኑ ነው፦ የቮልቴጅ መለኪያ አሁን የቆምንበትን ቦታ ይነግረናል፤ ከገደሉ አፍ ምን ያህል እንደራቅን ግን አይነግረንም። ርቀቱ ለብቻው መሰላት ያለበት መጠን ነው፤ ሳይሰላ የሚተዳደር ሥርዓትም ደህና የሚመስለው እስከሚወድቅበት ደቂቃ ድረስ ነው።

አንድ መስመር፣ አንድ ከተማ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት እጅግ የቀለለ ሥርዓት እንውሰድ። በአንደኛው ጫፍ ቮልቴጁ በ400 ኪሎቮልት የጸና ምንጭ አለ፤ በሌላው ጫፍ አንድ ከተማ አለ፤ በመካከላቸው ሪአክታንሱ 100 ኦም የሆነ ማስተላለፊያ መስመር ተዘርግቷል። በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ሬዚስታንስ ከሪአክታንስ አንጻር ትንሽ ስለሆነ ለጊዜው እንተወው። ከተማው የሚወስደውም አክቲቭ ኃይል ብቻ ይሁን፤ ማለትም ፓወር ፋክተሩ 1 ነው እንበል።

ከተማው ምንም ኃይል በማይወስድበት ጊዜ የሚደርሰው ቮልቴጅ 400 ኪሎቮልት ነው። 400 ሜጋዋት ሲወስድ ቮልቴጁ 386 ይሆናል። 700 ሜጋዋት ሲወስድ ወደ 345፣ 780 ሜጋዋት ሲወስድ ወደ 313፣ 800 ሜጋዋት ሲሆን ደግሞ ወደ 283 ኪሎቮልት ይወርዳል። የመጀመሪያው 400 ሜጋዋት ያስከፈለን 14 ኪሎቮልት ብቻ ነው፤ የመጨረሻው 20 ሜጋዋት ግን 30 ኪሎቮልት አስከፈለን። ከ800 ሜጋዋት በላይ ለመውሰድ ብንሞክር ስሌቱ ከናካቴው መልስ የለውም። ወሰኑ የሚገኘው የምንጩ ቮልቴጅ ካሬ ለሪአክታንሱ እጥፍ ሲካፈል ነው፤ 160,000 ለ200 ሲካፈል 800 ይሆናል።

ይህ ለምን ይሆናል? በከተማው ተጨማሪ መሣሪያ በበራ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይፎካከራሉ፤ ከረንቱ ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ደግሞ ይቀንሳል። ኃይል የሁለቱ ብዜት ነው። በመጀመሪያ የከረንቱ ጭማሪ ያሸንፋል፤ ስለዚህ የሚደርሰው ኃይል ያድጋል። ወሰኑ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የቮልቴጁ መውረድ ያሸንፋል፤ ተጨማሪ መሣሪያ ማብራት የሚደርሰውን ኃይል ከማሳደግ ይልቅ ይቀንሰዋል።

አግድሙን ኃይል፣ ቁመቱን ቮልቴጅ አድርገን ብንሥለው ኩርባው ወደ ቀኝ የሾለ አፍንጫ ይመስላል፤ በዘርፉም የአፍንጫ ኩርባ ተብሎ ይጠራል። ለእያንዳንዱ ጭነት ሁለት መልሶች አሉ። ለምሳሌ 400 ሜጋዋት በ386 ኪሎቮልትም፣ በ104 ኪሎቮልት ገደማም ሊተላለፍ ይችላል። በተለመደው አሠራር የምንኖረው በላይኛው ክፍል ላይ ነው። ጭነቱ ሲያድግ ሁለቱ መልሶች እየተቀራረቡ ሄደው በአፍንጫው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም አብረው ይጠፋሉ።

ወሰኑ ግን በመስመሩ ብቻ አይወሰንም። ያው ከተማ ሞተር የበዛበት ሆኖ ፓወር ፋክተሩ 0.9 ላጊንግ ቢሆን፣ ማለትም ከአክቲቭ ኃይል ጋር ሪአክቲቭ ኃይልም የሚስብ ቢሆን፣ ወሰኑ ከ800 ወደ 500 ሜጋዋት ገደማ ይወርዳል። መስመሩ አልተለወጠም፤ ምንጩም አልተለወጠም። ሪአክቲቭ ኃይል ረጅም መስመር አቋርጦ እንዲመጣ ስለተገደደ ብቻ ከወሰኑ ከሲሦ በላይ ጠፋ። የዘርፉ ባለሙያዎች ሪአክቲቭ ኃይል በሚያስፈልግበት ቦታ አጠገብ ይመረት የሚሉት ስለዚህ ነው።

ካፓሲተር የሚደብቀው

እንግዲህ መፍትሔው በከተማው ማከፋፈያ ጣቢያ ካፓሲተር መትከል ነው ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ግን መዘዝ አለው።

ካፓሲተሮችን በብዛት ተክለን፣ ከመስመሩ ጫፍ ሲታይ የከተማው ፓወር ፋክተር 0.9 ሊዲንግ ሆነ እንበል። አሁን ወሰኑ ወደ 1,276 ሜጋዋት ከፍ ይላል። እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን በአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ ስንት እንደሆነ እንመልከት፦ 377 ኪሎቮልት ነው፤ ይህም ከ400ው 94 በመቶ ነው። የ10 በመቶ መዋዠቅ በሚፈቀድበት ሥርዓት ይህ ቮልቴጅ ፍጹም ጤናማ ተብሎ ይመዘገባል። ተቆጣጣሪው ሰንጠረዡን ሲያይ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ቀይ መብራት አያገኝም። ሥርዓቱ ግን በገደሉ አፍ ላይ ቆሟል።

ካፓሲተር በሌለበት ምሳሌ ውድቀቱ በ283 ኪሎቮልት ነበር፤ ገና ከሩቅ ያስጠነቅቀን ነበር። ካፓሲተሩ ወሰኑን ሲያርቅ ማስጠንቀቂያውን ግን አጠፋው። ሌላም ድክመት አለው፤ የሚሰጠው ሪአክቲቭ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ቮልቴጁ ወደ 90 በመቶ ሲወርድ የካፓሲተሩ አስተዋጽኦ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል ማለት ነው። ቮልቴጁ ቢወርድም ድጋፋቸውን በተሻለ ሁኔታ የሚያስቀጥሉት ጄኔሬተሮች፣ ሲንክሮነስ ኮንደንሰሮችና በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩ ዘመናዊ መሣሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የየራሳቸው ጣሪያ አላቸው።

ምጣዱ፣ ትራንስፎርመሩና ጄኔሬተሩ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ወሰኑ ነው። አሁን ሥርዓቱ ወሰኑን አልፎ እንዴት እንደሚወድቅ እንይ። ለዚህ ከየቤታችን የምናውቀውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ።

ምጣድ በመሠረቱ ሬዚስታንስ ነው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ የሚወስደው ኃይል በ19 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ለሥርዓቱ እፎይታ ነው፤ ጭነቱ በራሱ ቀለለ። ነገር ግን እንጀራው የሚፈልገው ሙቀት አልቀነሰም። ጋጋሪዋ ምጣዱ እስኪግል ትጠብቃለች፤ እያንዳንዱ እንጀራ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ሊጡ እስኪያልቅም ምጣዱ እንደተሰካ ይቆያል። በአንድ ቤት ሲታይ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። በመቶ ሺህ ቤት ሲታይ ግን በአንድ ጊዜ የበሩ ምጣዶች ቁጥር ይጨምራል፤ የቀነሰውም ጭነት ቀስ በቀስ ተመልሶ ይመጣል። ሙቀቱን በራሱ በሚቆጣጠር ማሞቂያ ላይ ይህን የሚያደርገው ቴርሞስታት ነው፤ እዚህ ግን ጋጋሪዋ ራሷ ቴርሞስታት ሆነች።

ይህንኑ ሥራ በበለጠ ፍጥነት የሚሠራው በማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ታፕ መቀያየሪያ የተገጠመለት ትራንስፎርመር ነው። ተግባሩ የደንበኛውን ቮልቴጅ በቦታው ማጽናት ነው። የማስተላለፊያው ቮልቴጅ ሲወርድ፣ በአሥሮች ሰከንዶች ከሚቆጠር መዘግየት በኋላ ታፑን ደረጃ በደረጃ እየቀየረ የደንበኛውን ቮልቴጅ ይመልሳል። የደንበኛው ቮልቴጅ ሲመለስ ጭነቱም ይመለሳል፤ ጭነቱ ሲመለስ የማስተላለፊያው ቮልቴጅ እንደገና ይወርዳል። ሥርዓቱ ከወሰኑ በታች ከሆነ ይህ ሂደት ተረጋግቶ ይቆማል። ከወሰኑ በላይ ከሆነ ግን እያንዳንዱ የታፕ እርምጃ ነገሩን ያባብሳል፤ መሣሪያው ደንበኛውን ለመርዳት በጣረ ቁጥር መላውን ሥርዓት ወደ ታች ይገፋል።

ሦስተኛው ተዋናይ ጄኔሬተሩ ነው። ቮልቴጁን ለመደገፍ የመግነጢስ መስኩን ከረንት ከመደበኛው በላይ ያሳድጋል፤ ሮተሩ ግን በሙቀት እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ገዳቢ መሣሪያ አለ። ገዳቢው ለተወሰነ ጊዜ ይታገሥና ከረንቱን መልሶ ወደ ተፈቀደው ልክ ያወርደዋል። በዚያች ቅጽበት ያ ጄኔሬተር ቮልቴጅ የሚያጸና ምንጭ መሆኑ ይቀራል፤ ሸክሙም ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፤ ጎረቤቱም በተራው ወደ ገደቡ ይገፋል። የቮልቴጅ ውድቀት በመጨረሻው ሰከንድ ፈጣን ሆኖ ቢታይም፣ ከዚያ በፊት ደቂቃዎችን የሚፈጅ ዝምተኛ ሂደት አለው የምንለው በእነዚህ ሦስቱ ምክንያት ነው። እነዚያ ደቂቃዎች ለማየት ለተዘጋጀ ሰው የማዳኛ ጊዜ ናቸው።

ርቀቱን መለካት

ስለዚህ ጥያቄው ቮልቴጁ ስንት ነው የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ጭነቱ ምን ያህል ቢጨምር እንወድቃለን የሚል መሆን አለበት። አሁን ካለው ጭነት እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለውን ርቀት የጭነት ሕዳግ እንበለው።

ሕዳጉን ለማግኘት በመጀመሪያ የሚታሰበው ጭነቱን ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ በኒውተን ራፍሰን ዘዴ የኃይል ፍሰቱን ማስላት ነው። ነገር ግን ወደ አፍንጫው ጫፍ ስንቀርብ የስሌቱ ጃኮቢያን ማትሪክስ ዲተርሚናንት ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ስሌቱም መልስ ላይ መድረስ ያቅተዋል። ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ መልስ አጣሁ ሲል ሥርዓቱ ወሰኑ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መነሻ ግምታችን መጥፎ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አለመለየት ትልቅ ስሕተት ነው። አጃራፑ እና ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ተከታታይ የኃይል ፍሰት ስሌት ይህን ችግር ይፈታል። ዘዴው ከታወቀ ነጥብ ተነሥቶ በኩርባው አቅጣጫ ቀጣዩን ነጥብ ይገምታል፤ ከዚያ ግምቱን ያርማል። ጭነቱን ብቻ ሳይሆን በሚያስፈልግበት ጊዜ ቮልቴጁን መንገድ መሪ አድርጎ ስለሚወስድ ያለ ችግር አፍንጫውን ዞሮ ያልፋል፤ ጫፉ የት እንደሆነም ያሳያል።

ሁለተኛው ዘዴ በአንድ የተመረጠ ጣቢያ ላይ ቮልቴጁን እየለዋወጡ የሚያስፈልገውን ሪአክቲቭ ኃይል ማስላት ነው። ይህ ጣቢያው ከመውደቁ በፊት ስንት ሜጋቫር ማጣት እንደሚችል ስለሚያሳይ ካፓሲተር የት ይተከል ለሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። ሦስተኛው የጃኮቢያኑን አይገን እሴቶች መመርመር ነው፤ ሕዳጉን በሜጋዋት ባይነግረንም ድክመቱ በየትኛው አካባቢ እንደተከማቸ ይጠቁማል። አራተኛው በጣቢያው በሚለካው ቮልቴጅና ከረንት ብቻ ይሠራል፤ መላውን ሥርዓት በአንድ የቴቨኒን ምንጭ ይወክልና የጭነቱ ኢምፒዳንስ ከምንጩ ኢምፒዳንስ ጋር ምን ያህል እንደተቃረበ ይከታተላል። ሁለቱ በመጠን እኩል ሲሆኑ የኃይል ወሰኑ ተደርሷል።

የትኛውንም ዘዴ ብንመርጥ ግን አንድ ነገር ከተረሳ ውጤቱ አሳሳች ይሆናል። ወሰኑ የሚሰላው ዛሬ ላለው ሙሉ ሥርዓት ሳይሆን አንድ አካል ለጎደለው ሥርዓት ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። 100 ኦም ያልነው መስመር በእርግጥ እያንዳንዳቸው 200 ኦም የሆኑ ሁለት ጎን ለጎን የተዘረጉ መስመሮች ናቸው እንበል። ከተማው 500 ሜጋዋት ሲወስድ ወሰኑ 800 ስለሆነ ሰፊ ሕዳግ ያለን ይመስላል። ከሁለቱ አንዱ በመብረቅ ቢቋረጥ ግን ሪአክታንሱ 200 ኦም ይሆናል፤ ወሰኑም ወደ 400 ሜጋዋት ይወርዳል። ከተማው የሚሻው 500 ነው። ከመብረቁ በፊት የነበረው ጤንነት የይምሰል ነበር ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የተሠራበት መመዘኛ አንድ አካል ከጎደለ በኋላም 5 በመቶ ሕዳግ እንዲቀር ይጠይቃል። በዚያ መመዘኛ የዚህ ከተማ የጭነት ጣሪያ 800 አይደለም፤ 400ም አይደለም፤ ወደ 380 ሜጋዋት ነው።

ትንሽ መቁረጥ፣ ብዙ ማዳን

ይህ ሁሉ ስሌት በመጨረሻ ወደ አንድ ሰው ውሳኔ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2004 አቴንስ የኦሊምፒክ ጨዋታዎችን ልታስተናግድ አንድ ወር ያህል ቀርቷት ነበር። ለጨዋታዎቹ ተብለው የታቀዱት የማስተላለፊያ ማጠናከሪያዎች ገና ሙሉ በሙሉ ሥራ አልጀመሩም። በአቴንስ አቅራቢያ አንድ የላቭሪዮ ጄኔሬተር ከሥራ ወጣ፤ እኩለ ቀን ሲያልፍ ጭነቱ ከ9,000 ሜጋዋት በላይ ደረሰ፤ ቮልቴጁም ይወርድ ጀመር። ተቆጣጣሪዎቹ 100 ሜጋዋት ጭነት ቆረጡ። ቆየት ብሎ ተጨማሪ 200 ሜጋዋት እንዲቆረጥ ተጠየቀ፤ ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት ግን ሌሎች ጄኔሬተሮች ወጡ፤ ሥርዓቱም ተከፍሎ አቴንስና ደቡባዊ ግሪክ ጨለሙ። ተጨማሪው ቅነሳ ከጠቅላላው ጭነት 2 በመቶ ገደማ ነበር። የጎደለው ኃይል ብቻ አልነበረም፤ ጊዜም ነበር።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ታላላቅ ማመንጫዎቻችን ወንዝ ባለበት ይገኛሉ፤ ከጭነቱ ብዙው ደግሞ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተከማችቷል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከዚያ የሚነሣው የ500 ኪሎቮልት መስመር ሆለታ እስኪደርስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እንዲህ ያለ ረጅም መስመር በሌሊት ጭነቱ ሲቀል ራሱ ሪአክቲቭ ኃይል ያመነጭና ቮልቴጁን ከልክ በላይ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ የሚስብ ሪአክተር ያስፈልገዋል። ጭነቱ ሲከብድ ደግሞ በተቃራኒው ብዙ ሪአክቲቭ ኃይል ይውጣል። ማመንጨት መቻልና ማድረስ መቻል ሁለት የተለያዩ መጠኖች መሆናቸውን እንዲህ ባለ ሥርዓት ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ሊዘነጋ አይገባም። አዲስ ማመንጫ ሲመረቅ ደስ ሊለን ይገባል፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን በከተማው አቅራቢያ ያለው የሪአክቲቭ ኃይል ክምችት ስንት ነው፣ አንድ መስመር ቢጎድል የጭነት ሕዳጋችን ስንት ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

አስቀድሞ ጭነት መቁረጥ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ቆራጩ የሚታይ ጥፋት ሠርቶ የማይታይ ጥፋት ያስቀራል። መብራት የጠፋበት ሰፈር ይቆጣል፤ ያልወደቀው ሥርዓት ግን አያመሰግንም፤ ሊወድቅ እንደነበር ማንም አላየምና። ስለዚህ ይህ ሸክም በጭንቅ ሰዓት በአንድ ተቆጣጣሪ ትከሻ ላይ ሊጣል አይገባም። ሕዳጉ በየጊዜው ይሰላ፤ ከየትኛው ልክ ሲወርድ ምን ያህል ጭነት እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ይወሰን፤ ሆስፒታልና የውኃ መግፊያ ጣቢያ ከዝርዝሩ ውጪ ይሁኑ፤ ተራውም በፍትሕ ይደልደል፤ የሰው እጅ በማይደርስበት ፍጥነት መፈጸም ያለበትን ደግሞ ቮልቴጁን የሚከታተል ሪሌ ይፈጽመው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ተማሪዎች ነገ በቁጥጥር ማዕከል ተቀምጣችሁ በሰሌዳው ላይ 94 በመቶ የሚል ቁጥር ስታዩ፣ የዛሬውን ምሳሌ አስታውሱ። ያ ቁጥር ደህና መሆናችሁን አላረጋገጠም፤ ከአፍንጫው ጫፍ ያለውን ርቀት ስሉና ከዚያ በኋላ ተረጋጉ።